የመጀመሪያ ዕይታ፦ ሮቢት

ጥር 14

በምቆርጠው የሠርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽራዋ ዛሬም ቤቷ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ነው። ሚዜዎቹ መኪና ሲያስጮሁ፣ ሚዜዎቹ መነጽር ሲያደርጉ፣ ሚዜዎቹ ከመኪና ሲወርዱ... ሙሽራው ሁሉም በዝግታ እንዲታይለት ይፈልጋል። የራሱ ደግሞ ከሁሉም በዝግታ። በዚህ አያያዝ ሙሽራዋ ጋ የሚደርሱት ለፋሲካ ነው።

ፈሪድ "ጀዊ፣ ጥበብሽን ቀነስ አድርጊና ጨርሺው" አለኝ። ስቱዲዮው የሱ ነው፣ ኮቦ ውስጥ ያገባ ሰው ሁሉ በሱ ኮምፒውተር አልፏል። አራት ዓመት ፊልም ተምሬ መጥቼ የሠራሁለት ጥበብ ሙሽራው አፍንጫውን ሲጎረጉር የታየበትን መቁረጥ ነው።

ከሰዓት ገበያ ውስጥ እትዬ ጌጥነሽን አገኘኋቸው። ፊልሜን ከቀረጽኩበት ከሮቢት ማሽላ ይዘው መጥተው። ገና ሰላም ሳልላቸው፦

"ያ ፊልማችን መቼ ነው የምናየው?"

"ትንሽ ይቆዩ እትዬ።"

"ዓመት ሞላው እኮ። ማን ነው የሚቀድመን?"

ፈረንጅ አልኳቸው። ምን ልበል? የላክንበት ፌስቲቫል ማንም ያላየውን ፊልም ብቻ ነው የሚያወዳድረው። መጀመሪያ እነሱ፣ ከዚያ ሌላው።

"እኛን? ከኛ በፊት?"

ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ጥር 29

ኔትወርክ የለም። ፈሪድ ራውተሩን እንደ ታመመ ግልገል ታቅፎ ጣራ ላይ ወጣ። ወረደ። የለም።

የካቲት 6

ኔትወርክ መጣ። ባይመጣ ይሻለኝ ነበር።

ፈሪድ ነው ስልኩን ያሳየኝ። "ጀዊ፣ እኚህ እትዬ ጌጥነሽ አይደሉም?"

ናቸው። ቦይ ውስጥ፣ ጭቃ ላይ ተቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ የሚመጣውን ጎርፍ ፊት ለፊት እያዩ። እኔ ያነሳሁት። በሕይወቴ እንደሱ ያለ ምስል አንስቼ አላውቅም። ፖስተር ነው፣ ከላይ ፌስቲቫሎች የሚወዷት ያቺ የቅጠል አክሊል፣ በመሃሏ "ለውድድር የተመረጠ"። ከታች፦

የውሃ ተራ። ዳይሬክተር፦ ታምሬ ታደሰ።

ደጋግሜ አነበብኩት። ፊደሎቹ ይለወጡ ይመስል።

እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ የምጽፍበት የለኝም። ፊልሙ የኔ ነው። ከጎሊና ወንዝ ጎርፍ ሲወርድ የሮቢት ሰው በእሾህና በአፈር ገድቦ ወደ ማሽላው እንዴት እንደሚመልሰው። የውሃ አባት የሆኑት ሼህ ሙህሲን ተራ እንዴት እንደሚያወጡ። የእትዬ ጌጥነሽ ተራ ሁልጊዜ እንዴት መጨረሻ ላይ እንደሚወድቅ። ሁለት ክረምት ቀረጽኩ። አንድ በጋ ሙሉ ቆረጥኩ፣ ቀጠልኩ።

ታምሬ ምን አደረገ? አብረን ተምረናል። ካሜራውን አዋሰኝ። አባቱ ጋ ሮቢት ሁለት ቀን መጣ፣ አንዱን ቀን ሙቀት አናቱ ላይ ወጥቶበት እርጥብ ፎጣ ለብሶ ተኝቶ ዋለ። እኔ እዚህ የባንክ ካርድ የለኝ፣ ኔትወርክ የለኝ። እሱ አዲስ አበባ ነው። ሃርድ ዲስኩን በአውቶቡስ ላኩለትና "ለፌስቲቫሉ አንተ ጫንልኝ" አልኩት።

ጫነልኝ። ራሱን ጨምሮ።

የካቲት 7

ደወልኩ። ባነሳው ጊዜ ድምፁ ልክ የራሱ ሠርግ ላይ እንዳለ ሰው ነው።

"ጀዊዬ! አየሽው? ተመረጥን!"

"ማን ነው የተመረጠው?"

"እኛ!"

"'እኛ' የሚባል ዳይሬክተር ፖስተሩ ላይ አላየሁም።"

"እሱማ... አንድ ስም ብቻ ነው የሚቀበለው።"

"የኔ ስም አንድ አይደለም?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "ካሜራው የማን ነው ግን?"

እንግዲህ ይሄው ነው። ስሜ ግን አለልኝ። ፖስተሩ መጨረሻ ላይ፣ በትንሹ፦ "የአካባቢ ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ጀዊሪያ"። ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ አማርኛ ነው። ከአማርኛ ወደ አማርኛ በማስተርጎም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሳልሆን አልቀርም።

ቃለ መጠይቅም ሰጥቷል። "ሐሳቡ የመጣልኝ በልጅነቴ ከጎርፉ ጋር ስጫወት ነው" ይላል። ታምሬ ያደገው ደሴ አጎቱ ቤት ነው። የተጫወተበት ጎርፍ የቧንቧ ፍንዳታ ይሆናል።

የካቲት 10

ለፌስቲቫሉ ጻፍኩ። በትህትና። ትህትናው አደከመኝ፣ አራት ጊዜ እየሰረዝኩ ነው የጨረስኩት። የመጀመሪያው ላይ "ሌባ" የሚለው ቃል በጣም በዝቶ ነበር።

ዳኞቻቸውን በፎቶ አየኋቸው። አምስት ናቸው። ሁሉም ጥቁር ለብሰው፣ ማንም ያልሞተበት ለቅሶ ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ስለ ፊልሙ የጻፉትንም አነበብኩ። "ውሃን እንደ ተምሳሌት የሚመረምር ሥራ"። እትዬ ጌጥነሽ የተቀመጡት ተምሳሌት ላይ ቢሆን ኖሮ ቀሚሳቸው እንደዚያ ባልቆሸሸ።

ግን... እዚህ አልዋሽም። እዚያ መድረክ ላይ መቆም እፈልጋለሁ። እነዚያ ለቅሶ የተቀመጡ ሰዎች ፊልሜን ሲያዩ ፊታቸውን ማየት እፈልጋለሁ። ስንት ዓመት ነው ይህን የምፈልገው? ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ። ለዚህ ብዬ ነው ሮቢትን ዓመት ሙሉ ያስጠበቅኩት።

የካቲት 17

መለሱ።

"ውድ ጀዊሪያ፣ የሁሉንም ድምፅ እናከብራለን። ሆኖም በባለሙያዎች መካከል በሚፈጠር አለመግባባት ጣልቃ አንገባም። የተፈረመ ውል ካለዎት ይላኩልን።"

ውል። ካሜራ ያዋሰኝ የክፍል ጓደኛዬ ነው፣ ምን ውል? "በሞቀ ሰላምታ" ብለው ጨረሱ። ሙቀት ካማራቸው ኮቦ ይምጡ።

የካቲት 20

ሮመዳን። እማ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ እየጠቀለለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስንጨረጨር ዋልኩ። ፆሜን እያበላሸሁ መሆኔን ነገረችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ፌስቲቫል፣ ዳኛ፣ ውድድር፣ ውል... አቋረጠችኝ።

"ፈረንጅ ጋ ምን አስኬደሽ?"

"ፌስቲቫሉ የነሱ ነዋ።"

"ልጁ አባት የለውም?"

"አለው። ሮቢት።"

"ታዲያ!"

ሳምቡሳዋን ጠቀለለች። የእማ፣ የኡሙልኸይር ነገር እንዲህ ነው። አምስት ዳኛ ያላየውን ነገር ሊጥ እየዳመጠች ታየዋለች።

የካቲት 25

ሮቢት ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ፣ የታምሬ አባት፣ እህል ቤታቸው ደጃፍ ላይ ነበሩ። ገና ሲያዩኝ ስልካቸውን አወጡ።

"አየሽልኝ የልጄን ሥራ? ጌጥነሽን ፊልም አነሳት!"

ፖስተሩ። ስልኩን ዓይኔ ሥር አስጠጉልኝ። ያኔ ልመለስ ነበር፣ ወላሂ። ልጃቸው ላይ ተናድጄ ነው የመጣሁት፣ እሳቸውን ደግሞ እወዳቸዋለሁ። ስቀርጽ ስንት ቀን ከቤታቸው በልቻለሁ።

"ጋሽ ታደሰ፣ ሁለት ክረምት እዚህ ማን ነበር የነበረው?"

"አንቺ ነበርሽ።"

"ታምሬስ?"

"ታምሬ... አሞት ነበር።"

ስልካቸውን አዩ። እኔን አዩ። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ፖስተሩን ከዚያ በኋላ አላወጡትም።

"ከኢድ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል። ልጁንም አስመጣዋለሁ" አሉ። "ባይመጣስ?" ስላቸው ወደ እህላቸው ተመለሱ። ጥያቄው ለሳቸው ጥያቄ አይደለም።

መጋቢት 12

ኢድ አለፈ፣ አልሃምዱሊላህ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ሼህ ሙህሲን፣ ቄስ እሱባለው፣ ሌላው ደግሞ ጆሯቸው የማይሰማ አንድ አዛውንት። ለምን እሳቸውን እንደመረጡ ስጠይቅ "ስለማይሰሙ አይሸነገሉም" አሉኝ።

ቀኑ ተቆረጠ። ከዚያ ሼህ ሙህሲን አንድ ነገር ጨመሩ።

"ፊልሙን ይዘሽ ነይ።"

"ለምን?"

"ያላየነውን እርሻ አንዳኝም።"

ድንበር የተጣሉ ሰዎች ሲመጡ እንኳ መጀመሪያ መሬቱን ዞረው ያያሉ፣ ከዚያ ነው የሚቀመጡት። ለኛ ብለው ሥርዓት አይለውጡም። ሮቢት ላይ ደግሞ ሽማግሌ ብቻውን የሚያየው ነገር የለም፣ ሕዝቡ ሁሉ ነው የሚመጣው።

ሕዝብ ካየው የመጀመሪያ ዕይታው አለቀ። ከውድድር ወጣ። ደንቡን በልቤ ነው የማውቀው።

ወይ ጉድ።

መጋቢት 14

ታምሬ ደወለ። አባቱ ነግረውታል። ደንቡን እሱም ያውቃል፣ ድምፁ ቀጥኗል።

"ጀዊ፣ እብድ ነሽ? አንሶላ ላይ ለገበሬ አሳይተሽ ያን ሁሉ ልትጥይው ነው?"

"ፊልሙ ስለ ገበሬ መሆኑን ረሳኸው?"

"እሺ ስሚኝ። ተባባሪ ዳይሬክተር አደርግሻለሁ። ግብዣ አስልክልሻለሁ። አብረን እንሄዳለን።"

ተባባሪ። ከአስተርጓሚ ወደ ተባባሪ፣ በአንድ ስልክ። ትንሽ ብቆይ አክስቱ ያደርገኛል።

አፌ እንዲህ ይላል። ሆዴስ? ማታ ሙሉ የማስበው ምንድነው? አውሮፕላን። ቀይ ምንጣፍ። ጥቁር የለበሱት ሰዎች። ጥቁር ቀሚስ እኔም አለኝ።

ፈሪድን ጠየቅኩት። "አንተ ብትሆን?"

"እኔ የሠርግ ሰው ነኝ" አለ። "የሠርጉን ቪዲዮ መጀመሪያ የሚያየው ሙሽራው ነው። ጎረቤት ካየው በኋላ ባሳየው ይገድለኛል።"

መጋቢት 17

ትናንት ሆነ። ሁሉንም ልጻፈው።

የጋሽ ታደሰ አውድማ። ማሽላው ተወቅቶ የገለባው ክምር ብቻ ቀርቷል። ፈሪድ ለሠርግ የሚያከራየውን ፕሮጀክተርና ጀነሬተር ይዞ መጣ። ሁለት አንሶላ አሰፋን፣ አንዱ አበባ አለበት፣ ሌላ አልተገኘም። ጀንበር ስትጠልቅ ሮቢት ገልብጦ መጣ። ግመል እየነዳ ያልፍ የነበረ አንድ የአፋር ነጋዴም ቆመ፣ ስለዚህ ዓለም አቀፍ ነበር ማለት ይቻላል።

ታምሬ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። በምሽት። አባቱ "አውልቀው፣ ትወድቃለህ" አሉት።

እትዬ ጌጥነሽ ከፊት ተቀመጡ። አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ፊልሙ ላይ የሚታዩት እዚያ ከጭቃው ጋር ቢሆንም ለዕይታው ራሳቸውን አሳምረዋል።

ልጀምር ስል ታምሬ ክንዴን ያዘኝ።

"ጀዊ፣ እኩል። ጀዊሪያና ታምሬ። ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። ብቻ አታብሪው።"

"እስከ ዛሬ የት ነበርክ?"

"ካበራሽው ላንቺም ያበቃል እኮ። ለኔ ብቻ አይደለም።"

እውነቱን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ፣ እሱንም ያለቦታው። ክንዴን ይዞ ቆሞ ነበር። ጥቁር የለበሱትን ሰዎች አሰብኩ። ከዚያ እትዬ ጌጥነሽ ዞር አሉ።

"ምን ትንሾካሾካላችሁ? ፈረንጁ ገና አልጨረሰም?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ዓይኔ እንባ ይዞ።

"ፈሪድ፣ ክፈተው።"

ፊልም እንዲህ ሲታይ አይቼ አላውቅም። አንሶላው ላይ ሰው በታየ ቁጥር ስሙ ይጠራል። "ያውና ታሂር! ታሂር ሲሮጥ!" "አንተ አካፋዬን የወሰድከው ያኔ ነው ማለት ነው!" የታሂር ግመል ስታልፍ ጭብጨባ ሆነ። ቄስ እሱባለው "ከሁላችሁም እሷ ናት የቻለችበት፣ አንዴም ወደ ካሜራው አላየችም" አሉ። ነፋሱ አንሶላውን ሲነፋው የሼህ ሙህሲን ሆድ አብሮ ይነፋል፣ ልጆቹ ይንከባለላሉ።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ።

አንሶላው ላይ ሼህ ሙህሲን ተራ እያወጡ የእትዬ ጌጥነሽን ስም ይዘሉታል። እትዬ ጌጥነሽ ቦዩ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ሼህ "አንቺ ሴትዮ ተነሺ፣ ወንድ ያለበት ቤት ይቅደም" ይላሉ። እሳቸው "እንግዲያው በላዬ ላይ አሳልፉት!" ይላሉ።

ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። ሴቶቹ አልሳቁም። ልጆቹም ተዉ። ጀነሬተሩ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ አንሶላውን ትቼ ሼህን አየሁ። በእጃቸው የሚቆጥሩት መስበሃ ቆሟል።

እኚያ ጆሯቸው የማይሰማ ሽማግሌ ያኔ ድምፃቸውን ለቀቁት፣ መጮሃቸውን ሳያውቁ፦

"ለዚች ሴትዮ ውሃ አልሰጧትም እንዴ?"

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ያረቢ፣ ያ አጠባበቅ።

መጨረሻ ላይ ስሞች። ያሳየሁት የራሴን ቅጂ ነው፣ ስለዚህ የሮቢት ሰው ስም ሁሉ አለበት። በየስሙ እልልታ። ዳይሬክተር ጀዊሪያ ሲልም እልል አሉ፣ ከግመሏ ትንሽ ያነሰ። በስተመጨረሻ ጋሽ ታደሰ ጮክ ብለው አነበቡ፦

"ካሜራ ያዋሰ፣ ታምሬ ታደሰ።"

ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንተን አልረሳችህም እኮ" አሉት።

ከዚያ ሸንጎው ተቀመጠ። ሼህ ሙህሲን ጀመሩ።

"ታምሬ፣ ካሜራው ያንተ ነው?"

"አዎ ሼህ። ያለ ካሜራ ፊልም የለም።"

"ያለ በሬም እርሻ የለም። እሺ። አንተ ራስህ ፊልም ሠርተህ ታውቃለህ?"

"የመመረቂያዬን ሠርቻለሁ።"

"ማን አገዘህ?"

ልጁ ምን ያድርግ? እዚያ አባቱ ፊት መዋሸት አይችልም። ደግሞ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ አልገባውም።

"ጀዊሪያ። ድምፁን ቀዳችልኝ፣ ቆርጣ ቀጠለችልኝ።"

"ታዲያ ፊልሙ የኔ ነው አለችህ?"

"አላለችም።"

ከኋላ አንዱ ገበሬ መታገሥ አቃተው። "መቀናጆ ነዋ!"

መቀናጆ ነዋ። አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፣ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን ያርሳሉ። በሬዬ ያንተን እርሻ አርሷል ብሎ ያንተን ማሽላ የሚያጭድ ሰው ሮቢት ላይ ታይቶ አይታወቅም። አራት ዓመት ስለ ፊልም ባለቤትነት የተማርኩት ሁሉ በአንድ ጩኸት አለቀ።

ቄስ እሱባለው ፈረዱ። ምርቱ የሷ ነው። ልጁ ለፈረንጆቹ በእጁ ይጽፋል፣ አባቱ አጠገቡ ቆመው።

"ለበሬው ግን ገለባ ይገባዋል" አሉ ሼህ። "ባዶ እጁን አይሂድ።"

"የፊልም ገለባ ምንድነው?"

ክርክር ሆነ። አንዱ ፖስተሩ ነው አለ። አንዱ አንሶላው ነው አለ፣ የአንሶላው ባለቤት ተቆጣች። ፈሪድ እጁን አወጣ፦ "ተቆርጦ የወደቀው ቀረጻ ነው።"

ጸደቀ። ስለዚህ ታምሬ ታደሰ በሕግ የሚከተሉት ባለቤት ሆኗል፦ የግመል ኋላ፣ የራሴ አውራ ጣት፣ ነፋስ፣ ታሂር ሦስቴ ሲያስነጥስ። እግዜርም አላህም ይባርኩለት።

ሊሄድ ሲል መጣ። መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነው።

"ጥሩ ፊልም ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"እንደዚህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስልኬ ላይ ነው ያየሁት።"

ስድብ ፈለግኩ። ብዙ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣም።

መጋቢት 18

ታምሬ ጻፈላቸው። ጋሽ ታደሰ እንግሊዝኛ አያነቡም፣ ግን አጠገቡ ቆመው "ስሟ የቱ ጋ ነው? አሳየኝ" እያሉ ነው ያስላኩት።

እኔም ጻፍኩ። መዋሸት እችል ነበር። ማን ይነግራቸዋል? ግመሏ? ግን ጻፍኩ፦ "ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በሮቢት፣ በአውድማ ላይ፣ በፊልሙ ውስጥ ላሉት ሰዎች ታይቷል።" ከዚያ ላክ የሚለውን ተጫንኩ። ኔትወርኩ ዛሬ ደርሶ ፈጣን ነው፣ ሐሳቤን እንኳ ሳልለውጥ ሄደ።

መጋቢት 27

መለሱ። ከውድድር ወጥቷል። ዳኞቹ አያዩትም። ስሙ ግን ተስተካክሏል፣ ከውድድር ውጭ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ያሳዩታል፣ ጠዋት። ቲኬት የለም፣ ግብዣ የለም። "ውሳኔዎን እናከብራለን።"

አለቀስኩ። ስቱዲዮው ጓሮ፣ ጀነሬተሩ አጠገብ፣ እንዳይሰማ። ከዚያ ገብቼ ሙሽራ ቆረጥኩ። ይሄኛው ሙሽራ ሁለት ጊዜ ይወድቃል፣ ሁለቱንም ተውኩለት።

አዲሱን ፖስተር ላኩልኝ። እትዬ ጌጥነሽ፣ ጭቃው፣ ጎርፉ። ከታች ጀዊሪያ። አክሊሏ የለችም። ቦታዋ ላይ ሰማይ ነው ያለው። ሰማዩን እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ያምራል።

ሚያዝያ 7

በፋሲካ ሳምንት ጎብዬ ከተማ አሳየን። ትናንት ዋጃ። ፈሪድ አንሶላ ገዛ፣ አበባ የሌለበት። ዋጃዎች የራሳቸውን ጎርፍ ይዤ እንዳልመጣ ተቆጡኝ። "ሮቢት ጎርፍ አለው ብለሽ ነው?"

የፌስቲቫሉን ታላቅ ሽልማት ስለ ዝምታ የተሠራ የሦስት ሰዓት ፊልም ወሰደ። ማንም የማይናገርበት። እኚያ የማይሰሙ ሽማግሌ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

ሚያዝያ 15

ደጋው ሌሊት ሲጠቁር አድሮ ጠዋት ጎርፍ ወረደ። ጋሽ ታደሰ ደወሉ።

"ካሜራሽን ይዘሽ ነይ።"

"ካሜራ የለኝም ጋሽ ታደሰ። የልጅዎ ነው።"

"እንግዲያው ዓይንሽን ይዘሽ ነይ።"

ባጃጅ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ፌስቲቫሉ። የሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ ተከፍቷል፣ አዲስ ሥራ ካለኝ በደስታ ያዩታል፣ ማንም ያላየው ከሆነ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ስደርስ ወንዱ ሁሉ ግድቡ ላይ ነው። እሾህ፣ አፈር፣ ጩኸት። ሼህ ሙህሲን አፋፉ ላይ ቆመው ተራ ያወጣሉ። የመጀመሪያውን ጠሩ። ሁለተኛውን ጠሩ። ከዚያ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጌጥነሽ።"

አንዱ ከታች "ሼህ፣ እሷ እኮ መጨረሻ..." ማለት ጀመረ።

"አውድማው ላይ አልነበርክም?" አሉት። ሰውየው አካፋውን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እትዬ ጌጥነሽ አልተቀመጡም። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው፣ ቆመው፣ ቦያቸውን በራሳቸው ዶማ ከፈቱ። ውሃው ገባ። ቡናማ፣ አረፋ የደፈቀ፣ የአንድ ሰው ጫማ ይዞ። የማሽላው መሬት ውስጥ ሲሰርግ ድምፅ አለው፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ድምፅ። ያኔ መሬታቸው ደርሶ አያውቅማ።

ስልኬን አወጣሁ። ወደ ውሃው አዞርኩት።

አዩኝ።

"ጀዊሪያ! ይሄንን ደግሞ ማን ሊያየው ነው?"

"አንቱ ነዎት! ዛሬ ማታ፣ አውድማው ላይ!"

"ቆይ እንግዲህ፣ አዲሱን ቀሚሴን ልልበስ!"

ውሃው አይቆይም። ቀረጽኩ።